ሜርል ምንድን ነው?

አውስትራሊያን ሸፐርድ ከሚባሉት የበግ እረኛ ውሾች መካከል ብዙዎቹ ጀርባቸው አመድማ ነው፤ በአመድማው ላይ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰ ጥቁር ጠብታ እዚህም እዚያም ይታያል። አንዳንዴ አንዱ ዓይን ቡናማ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ይህ መልክ ሜርል ይባላል። በእኛ አነጋገር ዝንጉርጉር ብንለው ያስኬዳል፤ ነገር ግን ጥቁሩ በአመድማው ላይ የተረጨ እንዳይመስለን። ውሻው በመሠረቱ ጥቁር ነው፤ አመድማው ቀለሙ የደበዘዘበት ቦታ ሲሆን፣ ጠብታው ሳይደበዝዝ የቀረው ነው።

የውሻ ጠጉር ቀለሙን የሚያገኘው ከሁለት ንጥረ ነገሮች ነው፤ ጥቁሩና ቡናማው ከዩሜላኒን፣ ቢጫውና ቀዩ ከፌዮሜላኒን። ፒሜል የተባለው ዘረመል የሚያሠራው ፕሮቲን ደግሞ ለዩሜላኒን እንደ ጭቃ ቤት ማገር ነው፤ ቀለሙ የሚለሰነው በእርሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሜርል ውሾች ፒሜል ውስጥ ቦታው ያልሆነ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰክቶ አገኙ። ማገሩ ተበላሸ፤ ጥቁሩም ሳሳ። ያን የመሰለ ውበት የተገኘው ከአንዲት ቁራጭ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ቡችላ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የዘረመል ቅጂ ይወርሳል፤ ሜርል ለመሆን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያ ቁራጭ መኖሩ ይበቃዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ውበቱን እጥፍ እናድርግ ብለው ሁለት ሜርሎችን ሲያዳቅሉ ነው። ያን ጊዜ በአማካይ ከአራት ቡችላዎች አንዱ ጉድለት ያለበትን ቅጂ ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል። እንዲህ ያለው ቡችላ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ ዓይኑ ከልክ በታች ሊያንስ ወይም ጨርሶ ላያይ ይችላል። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች በውስጠኛው ጆሮም ሥራ ስላላቸው መስማትም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ሁለት የሜርል ቅጂ ካላቸው ውሾች 15 በመቶው ሁለቱም ጆሯቸው፣ 10 በመቶው አንድ ጆሯቸው እንደማይሰማ አሳይቷል። ሁለቱም ጆሮው የማይሰማ ቡችላ ከኋላው ሲያጨበጭቡ ዞር አይልም። በአንዱ የሚሰማው ግን ይዞራል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ላያውቅ ይችላል።

ጠንቃቃ አርቢን እንኳ የሚያሳስት ነገር አለ። ሜርል የሚነካው ዩሜላኒንን ብቻ ነው። ጠጉሩ በሙሉ ቢጫ ወይም ቀይ የሆነ ውሻ ዘረመሉን ተሸክሞ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ አርቢው «ሜርል አይደለም» ብሎ ከሜርል ጋር ያዳቅለዋል፤ ነጩም ቡችላ ይወለዳል። በዓይን አይቶ መፍረድ እዚህ ላይ አያዋጣም። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ የሚወሰድ ናሙና ለዲኤንኤ ምርመራ ይበቃል፤ ይህም መደረግ ያለበት ውሾቹ ከመገናኘታቸው በፊት ነው።