የሰሜን ሸዋ ቪዲዮ ቤቶች

ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ያለው፣ መግቢያ ከፍለው ፊልም የሚያዩበት ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት የሰሜን ሸዋ ከተሞች፣ በእነ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ ለብዙ ልጅ የመጀመሪያው ሲኒማ ይኸው ነበር። ዛሬ ቀርቷል።

አዲስ አበባ ፊልምን ቀድማ ነው ያወቀችው። የመጀመሪያውን ፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒርና አምባሳደር መጡ። ቴሌቪዥን በ1957 ተጀመረ፣ በ1977 ባለቀለም ሆነ። ጣቢያው ግን አንድ ብቻ ነበር። ቪዲዮ ቤቶች በየከተማው እንደ አሸን የፈሉት ከ1983 በኋላ ነው። ካሴቱ ከመርካቶ ተገዝቶ በአውቶቡስ ይጫናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል።

ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ የጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ። ደጃፉ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል፣ የፊልሙ ስም በጠመኔ ይጻፍበታል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይገባል፤ የሰው ትንፋሽ ራሱ ያሞቃል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቀን የቆርቆሮው ሙቀት አያስቀምጥም፤ ማታ ይሻላል።

የቤቱ ነፍስ ዴኩ ነው። ውስጡ ያለው ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይሽከረከራል፣ በላዩ ያለው ሄድ ከካሴቱ ክር ላይ ምስሉን ያነባል። ትንሽ አቧራ ከነካው ስክሪኑ በረዶ ይመስላል። ያኔ ፊልሙ ይቆማል፣ የዴኩ ክዳን ይነሳል፣ ሄዱ አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ተደርጎ ይጠረጋል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ምስሉ ሲመለስ ጭብጨባ ነው። መብራት ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ነው፦ «ገንዘባችን ይመለስ!»

የካራቴ ፊልም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የህንድ ፊልም ያስፈልገዋል። አንዱ የ3 ሰዓት ካሴት አንድ ሙሉ የህንድ ፊልም ይይዛል፤ ዘፈኑ፣ ልቅሶው፣ የጠፋው ወንድም ሁሉ። ደጋግሞ ያየ አንድ ልጅ ከመካከል ተነስቶ «አሁን እናቱ መሆኗን ሊያውቅ ነው» ይላል። ቋንቋውን አይችልም፤ ታሪኩን ግን አይስትም። ዋናው ባለታሪክ «አክተሩ» ነው፣ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። ከሞተ ጭቅጭቁ መንገድ ላይ ይቀጥላል። ለእኔ የቪዲዮ ቤት ትልቁ ሀብት ይህ ነው፦ ሰው አንዱን ፊልም አብሮ አየ፣ አብሮ ተረጎመ።

ወላጆች አይወዱትም ነበር። «ዱርዬ ማምረቻ» ይሉታል፤ ስጋታቸውም ከመሬት አልተነሳም። በትምህርት ሰዓት ተማሪ የሚያስገቡ፣ ሲመሽ ለልጅ የማይሆን ፊልም የሚከፍቱ ነበሩ። በየጊዜው ይታሸጋሉ፣ ተመልሰው ይከፈታሉ።

ቪዲዮ ቤትን የገደለው መታሸጉ አይደለም። ሲዲና ዲቪዲ ፊልምን ወደ ሳሎን አስገቡት፣ ዲሽ ተከተለ። አንዳንዱ ቤት ካሴቱን ትቶ የእንግሊዝ ኳስ ማሳየት ያዘ። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ፣ ተርጓሚው ልጅ ሥራ ፈታ። በዚያው ዓመት በጃፓን የመጨረሻው የዴክ አምራች ማምረቱን አቆመ። ስልኩ ቀሪውን ጨረሰ።

ካሴቶቹ ግን ከነጭራሹ አልጠፉም። የማሽላ ገበሬ የካሴት ክር ከእንጨት እንጨት አስሮ በማሳው ላይ ይወጥራል። ክሩ በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ ነፋስ ሲመታው ይጮሃል። ወፍ ያባርርለታል።