«ሽማግሌ ደግሞ ዘፈን ምን ያደርግለታል?»

ጎንደር ላይ በየሠርጉና በየጠጅ ቤቱ አዝማሪ እየሰማን ነው ያደግነው። ቤት ውስጥ አረጋዊ ካለ ግን «ይረፉ» ብለን ሬዲዮ እናጠፋለን። እኔም ለአያቴ ያሰብኩላት እየመሰለኝ ስንት ጊዜ አጥፍቼባታለሁ። በየቤቱ የሚባሉትን እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ትዝታ ያስለቅሳቸዋል፣ አታሰሟቸው»

አያቴ ትዝታ ስትሰማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ ሮጬ እዘጋ ነበር። አንድ ቀን «ተወው እስቲ ልጄ፣ ሙሽርነቴን አስታወሰኝ» አለችኝ። ከዚያ በበቅሎ ተጭና የመጣችበትን መንገድ እስኪመሽ አወራችልኝ። ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

እንባ ሁሉ ጉዳት አይደለም። የሚያሳዝን ዜማ ብዙ ሰው ያጽናናል። በዚያ ላይ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የሰማነው ሙዚቃ ከሌላው ይልቅ ትዝታ ይዞ ይመጣል። ዛሬ 75 ዓመት ለሞላቸው እናት ይህ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሰሙት ነው። አዲስ የወጣውን ከፍተን «አይወዱም» ማለታችን ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ። ዘፈኑ አልቆም ለሰዓታት ተክዘው ከቆዩ ግን ሌላ ዜማ ይሞከር።

«ለሽማግሌ መዝሙር ብቻ ነው የሚገባው»

በሁዳዴ አሥር አውታር ያለው በገና ሲደረደር ልባቸው የሚያርፍ ብዙ ናቸው። እዚሁ ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ማለትም የማኅሌቱን ዝማሜና ሽብሸባ፣ የተማሩ አባት ከማኅሌት ሌላ ላያምራቸው ይችላል። ሙስሊም ጎረቤታችን መንዙማ ይላሉ። ጾሙ ሲፈታ ማሲንቆ የሚናፍቃቸውም አሉ። ስለዚህ እኛ አንምረጥላቸው፤ እንጠይቃቸው። የሚጠቅመው የሚያውቁትና የሚወዱት ነው።

«የመርሳት ችግር ላለበት ሰው ዋጋ የለውም»

ይህ በጣም የተሳሳተ ነው። የልጁ ስም የጠፋበት ሰው የልጅነት ዜማውን አብሮ ሲያንጎራጉር ይታያል፤ የቆየ የዜማ ትዝታ ከሌላው ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. 22 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። በሙዚቃ የሚሰጥ ሕክምና እንደነዚህ ያሉ ሰዎችን የድባቴ ስሜት ሳይቀንስ አይቀርም ብሏል። የማስታወስ ችሎታቸውን ግን አይመልስም። መድኃኒት ነው ብሎ ተስፋ መስጠት ደግ አይደለም።

«ጆሯቸው ደክሟል፣ ድምፁን ጨምርላቸው»

ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው። ድምፁ ሲጨመር ጩኸቱ ይበዛል እንጂ ግጥሙ አይጠራም። ይልቅ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ሬዲዮውን ወይም ስልኩን አጠገባቸው አድርጉት፣ አንድ ድምፃዊና አንድ መሣሪያ ያለበትን ምረጡ። ጆሯቸውንም አስመርምሩ።

«ሙዚቃ ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል»

ከሁለት ሳምንት በላይ ካዘኑ፣ ምግብና እንቅልፍ ከራቃቸው፣ ይወዱት የነበረውን ሁሉ ከተዉ፣ ይህ እርጅና ሳይሆን የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው ክፍት ይሁን፤ እናንተ ግን ይዛችኋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።