አሜሪካ ውስጥ በሬዲዮ ያሻን መናገር ይቻላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አሜሪካ የንግግር ነጻነት ሲወራ ሁለት ዓይነት አባባል ደጋግሞ ይሰማል። አንዱ «እዚያ አገር ያሻህን ብትናገር ማንም አይነካህም» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «አንዲት ስድብ ካመለጠችህ መንግሥት ጣቢያህን ይዘጋዋል» ይላል። ሁለቱም እውነታውን ይስታሉ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ጸያፍ ነገርን የሚመለከተው የአሜሪካ ሕግ ብዙዎቻችን ከምናስበው የጠበበ ነው። ድንበሩ ግን የት እንደሆነ በግልጽ አይታወቅም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ድንበሩ ያልታወቀ ሕግ ሲኖር ሰዎች ያልተከለከለውንም መናገር ይፈራሉ። (ከታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በሐበሻ አቆጣጠር ናቸው፤ የተለየ ሲኖር እጠቅሳለሁ።)

«ሕገ መንግሥቱ እያለ በሬዲዮ የማይባል ነገር የለም»

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ኮንግረስ የንግግር ነጻነትን የሚያጠብ ሕግ እንዳያወጣ ይከለክላል። እንዲያም ሆኖ ከ1927ቱ የሬዲዮ ሕግ ጀምሮ ብልግናና ጸያፍ ንግግርን በአየር ሞገድ ማስተላለፍ ክልክል ነው። ዛሬም በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ እስከ 2 ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። በተግባር ግን ጉዳዩን የሚከታተለው በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ ነው። የተለመደው ቅጣትም ገንዘብ ነው።

ጋዜጣ ላይ ቢታተም ማንም የማይጠይቅበት ቃል ሬዲዮ ላይ ሲባል ለምን ያስቀጣል? መልሱ በአንድ የታወቀ ክስ ውስጥ ይገኛል። ኦክቶበር 30 ቀን 1973፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ደብሊው ቢ ኤ አይ የተባለው የኒው ዮርክ ሬዲዮ የኮሜዲያኑን የጆርጅ ካርሊንን 12 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ቅጂ አስተላለፈ። ካርሊን በአየር ላይ የማይባሉ የሚላቸውን ቃላት እየደጋገመ በማንሳት ማኅበረሰቡ ለምን እንደሚፈራቸው ይጠይቃል። አንድ አባት ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ ሆኖ ይህን ሰማና ለኤፍሲሲ አቤት አለ። የቀረበው አቤቱታ ይኸው አንድ ብቻ ነበር። ኤፍሲሲ ጣቢያውን በገንዘብ አልቀጣም። ውሳኔው ከጣቢያው የፈቃድ ፋይል ጋር እንዲያያዝ ብቻ አደረገ።

ጣቢያው ይህንንም አልቀበልም ብሎ ተከራከረ፤ ነገሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1978 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለኤፍሲሲ ፈረደ። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ሁለት ምክንያት ሰጡ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሳይጠሩ ቤት ድረስ ይገባሉ፤ ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ ይሰማቸዋል። ቃሉ ራሱ በሁሉም ቦታ የተከለከለ አይደለም አሉ። ችግሩ በዚያ ሰዓትና በዚያ መንገድ መተላለፉ ነው። ይህንንም በጋጣ ፈንታ ሳሎን ውስጥ በተገኘ አሳማ መሰሉት።

ከተቃወሙት አራት ዳኞች አንዱ ዊልያም ብሬናን ነበሩ። ያልፈለገ አድማጭ ጣቢያ መቀየር ይችላል አሉ። ከዚያም አልፈው፣ አብዛኞቹ ዳኞች እንደነሱ የማያስቡና እንደነሱ የማይናገሩ ሰዎች መኖራቸውን ረስተዋል ሲሉ ወቀሱ። እንደ እኛ በስደት ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነጥብ አይደለም። ጨዋ የሚባለው አነጋገር የማን አነጋገር ነው? የሚለካውስ በማን ሚዛን ነው?

«ኤፍሲሲ ሳንሱር ያደርጋል»

ከእኛ ዘንድ ይህ ግምት ቢኖር አይገርምም። ኢትዮጵያ ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የመንግሥት መርማሪ ያየው ነበር። ስለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስንሰማ መጀመሪያ የሚመጣልን የሳንሱር ቢሮው ነው።

ኤፍሲሲ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። ያቋቋመው የ1934ቱ ሕግ ራሱ ሳንሱር እንዳያደርግ ይከለክለዋል። ፕሮግራም ሳይተላለፍ አያይም፤ «ይህን አውጡ» ብሎም አያዝም። ከተላለፈ በኋላ አቤቱታ ሲቀርብለት ነው የሚመረምረው። በሕጉ መሠረት የኮሚሽነሮቹ መቀመጫ አምስት ነው። በፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ፣ በሴኔቱ ይጸድቃሉ፤ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችሉም።

ይህ ማለት ግን ከቅጣቱ በፊት አፈና የለም ማለት አይደለም። በ2004 የአሜሪካ የአርበኞች ቀን (ኖቬምበር 11) ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚተርክ አንድ ታዋቂ ፊልም ለማሳየት ተዘጋጀ። በፊልሙ ውስጥ ወታደሮች እንደ ወታደር ይሳደባሉ። 66 የኤቢሲ አጋር ጣቢያዎች ቅጣት ፈርተው ሌላ ፕሮግራም አሳዩ። ያዘዛቸው አልነበረም። ኤፍሲሲ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ «ፊልሙ ሕግ አልጣሰም» ብሎ ወሰነ። ጣቢያዎቹ አስቀድመው ሲጠይቁ ግን ይህን መልስ ማግኘት አልቻሉም ነበር፤ ኤፍሲሲ አስቀድሞ ቢፈርድ ያው ሳንሱር ይሆንበታል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሕግ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ ያጣውን ፊልም ከማንም የቅጣት ዝርዝር ውስጥ አታገኘውም።

«ብልግናም ጸያፍም አንድ ነው፤ ሁለቱም ክልክል ነው»

በሕግ ፊት ይለያያሉ። ብልግና የሚባለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ያወጣውን ባለ ሦስት ነጥብ መስፈርት የሚያሟላ የወሲብ ነገር ነው። በጠቅላላው ሲታይ ወሲባዊ ስሜትን ለመቀስቀስ ያዘነበለ፣ አቀራረቡ ከልክ ያለፈ፣ ቁም ነገር ያለው የኪነ ጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የፖለቲካ ወይም የሳይንስ ዋጋ የሌለው መሆን አለበት። ይህ የሕገ መንግሥት ጥበቃ የለውም፤ በማንኛውም ሰዓት ክልክል ነው። ጸያፍ የሚባለው ግን ስለ ወሲብ ወይም ስለ መጸዳዳት አጸያፊ በሆነ መንገድ የሚናገር ወይም የሚያሳይ ነገር ነው። የሕገ መንግሥት ጥበቃ ስላለው ፈጽሞ መከልከል አይቻልም። የሚቻለው ሰዓት መገደብ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (በአሜሪካ ሰዓት ከ10 ፒኤም እስከ 6 ኤኤም) ጣቢያዎች ነጻ ናቸው። ይህም ያለ ክርክር አልመጣም። ኮንግረስ በ1988 የ24 ሰዓት ክልከላ ሞከረ፤ ፍርድ ቤት ጣለው። በ1992 ደግሞ ነጻው ሰዓት ለአብዛኞቹ ጣቢያዎች ከእኩለ ሌሊት እንዲጀምር አደረገ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1995 ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት መለሰው። እኔ በዚህ በሰዓት ክፍፍሉ እስማማለሁ። ልጆች የሚነቁበትን ሰዓት ለይቶ ማክበር አዋቂውን አያፍነውም፤ ወላጅም መቼ ንቁ መሆን እንዳለበት ያውቃል።

«አንድ ቃል ካመለጠ ቅጣት አይቀርም»

ከ1978ቱ ፍርድ በኋላ ለረጅም ጊዜ አንድ ጊዜ በድንገት ያመለጠ ቃል አያስቀጣም ነበር። ነገሩ የተቀየረው በ2004 ነው። በ2003 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ላይ ዘፋኙ ቦኖ በደስታ ተሞልቶ አንድ ስድብ አመለጠው። የኤፍሲሲ የማስፈጸሚያ ክፍል መጀመሪያ «ይህ ጥፋት አይደለም» አለ። በማርች 2004 ግን ኮሚሽነሮቹ ውሳኔውን ገለበጡት፤ አንድ ጊዜም ቢባል ያስቀጣል አሉ።

በመካከል አንድ ትልቅ ነገር ሆኖ ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2004፣ ሂዩስተን ላይ በሱፐር ቦውል (በአሜሪካን ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ) የእረፍት ሰዓት ትርኢት፣ የዘፋኟ የጃኔት ጃክሰን ጡት አንድ ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ታየ። ኤፍሲሲ ጨዋታውን ያስተላለፈው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ንብረት የሆኑ 20 ጣቢያዎችን እያንዳንዳቸውን 27,500 ዶላር፣ በድምሩ 550,000 ዶላር ቀጣ። ኮንግረስም ተቆጣ። በ2006 የወጣው ሕግ ከፍተኛውን ቅጣት ከ32,500 ወደ 325,000 ዶላር፣ አሥር እጥፍ አሳደገው።

ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ቅጣቱ ግን ሳይጸና ቀረ። የፊላደልፊያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2008 ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደገና ይታይ ብሎ መለሰው። በ2011 ድጋሚ ተሻረ፣ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለማየት ፈቃደኛ ስላልሆነ በዚያው አበቃ። ምክንያቱ ኤፍሲሲ አሠራሩን ቀይሮ፣ ሳያስጠነቅቅ ወደ ኋላ ተመልሶ መቅጣቱ ነው።

የማይጨበጠውን ሚዛን ለማየት ሁለት ጉዳዮችን ማነጻጸር ይበቃል። በአፕሪል 2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ የቤዝቦል ተጫዋቹ ዴቪድ ኦርቲዝ ሕዝብ በሞላበት ሜዳ ማይክሮፎን ይዞ «ይህ የእኛ ከተማ ነው» ሲል ከባድ ስድብ ጨመረበት፤ በቀጥታም ተላለፈ። የኤፍሲሲ ሊቀ መንበር ጁሊየስ ጄናኮውስኪ ኦርቲዝ ከልቡ እንደተናገረና ከእርሱና ከቦስተን ሕዝብ ጎን እንደሚቆሙ ትዊተር ላይ ጻፉ። እኔም የቦስተንን ሐዘን አስቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በ2015 አንድ የሮአኖክ፣ ቨርጂኒያ ቴሌቪዥን በምሽት ዜናው ጥግ ላይ ለሦስት ሰከንድ ገደማ ሳይታወቀው ባሳየው ወሲባዊ ምስል ኤፍሲሲ ሙሉውን 325,000 ዶላር እንዲቀጣ ሐሳብ አቀረበበት። አንዱ ምስጋና አገኘ፣ ሌላው ላይ ከፍተኛው ቅጣት ታሰበበት። የትናንሽ ጣቢያ ባለቤት ከዚህ ምን ትምህርት ይውሰድ? የጥፋቱ ልክ በባለሥልጣኑ ስሜት የሚለካ ከመሰለው ቀጥታ ስርጭት መፍራቱ አይቀርም።

«ዘረኝነትንና ግድያን የሚያሳይ ፕሮግራምም በዚሁ ሕግ ይታገዳል»

አይታገድም። የጸያፍነት ሕጉ የሚመለከተው ወሲብንና መጸዳዳትን ነው። ደም የሚፈስበት ትዕይንት፣ የዘር ጥላቻ ወይም የፖለቲካ ስድብ በዚህ ሕግ አይዳኝም።

«ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ዘግቶታል»

በ2012 ፎክስና ኤቢሲ ባቀረቡት ክርክር ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 ጣቢያዎቹን ደገፈ። የወሰነው ግን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ መቅጣት ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ነው። ሕጉ ራሱ ከንግግር ነጻነት ጋር ይጋጫል ወይ የሚለውን ሳይነካ አለፈው። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ የ1978ቱ ፍርድ ከመነሻውም ስህተት ነበር ብለው ጻፉ። በሌሎች ጉዳዮች ከእርሳቸው ጋር ብዙም የማይስማሙት ዳኛ ክላረንስ ቶማስም በ2009 ተመሳሳይ ጥርጣሬ አንስተው ነበር። እንዲህ የሚራራቁ ሁለት ዳኞች አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ጥያቄው ገና አልተቋጨም ማለት ነው።

«ኬብልና ዩቲዩብ ላይም ይሠራል»

የጸያፍነት ሕጉ የሚሠራው በአንቴና ለማንም በነጻ በሚደርስ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ነው። በኬብል፣ በክፍያ ሳተላይትና በኢንተርኔት ላይ አይሠራም። ኮንግረስ ለኢንተርኔት ተመሳሳይ ክልከላ ሲሞክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 1997 ጣለው። በቅጣት የተማረረው የሬዲዮ አቅራቢ ሃዋርድ ስተርን በ2006 ወደ ሳተላይት ሬዲዮ የሄደውም ለዚህ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮ ቢያወርድብህ የራሱን ደንብ ተከትሎ ነው። የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የግል ኩባንያን አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ የአማርኛ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ወገኖች ይህን ልዩነት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በዩቲዩብ ብቻ የሚያሰራጭ አዘጋጅ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ከኤፍኤም ወይም ከኤኤም ጣቢያ ሰዓት ገዝቶ የሚያሰራጭ ግን በሕጉ ሥር ነው፤ የሚጠየቀውም ፈቃዱን የያዘው ጣቢያ ነው። ስለዚህ በቀጥታ የስልክ መስመር የገባ አድማጭ ጸያፍ ነገር ከተናገረ ጣቢያው ሰዓት ያከራየውን ሰው ውል ሊያቋርጥ ይችላል። ስርጭቱን ጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ጣቢያው እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው። የተከፋ አድማጭም ለኤፍሲሲ በነጻ አቤት ማለት ይችላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ስምና በትክክል ምን እንደተባለ መግለጽ ይኖርበታል።