ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የቱ ነው?
ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአየር ግን 420 ገደማ። አውሮፕላን የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ አያውቅማ! ታዲያ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ለምን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጻፍለታል? ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ ጀምሮ፣ ደርሶ እስኪቆም ያለውን ነው። መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙ፣ ለማረፍ ተራ መጠበቁ ሁሉ አለበት። ከጎንደር ፒያሳ እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው መንገድና ፍተሻው ግን የለበትም፤ እሱን ራስዎ ይደምሩ። ደግሞ ትኬቱ 07:00 ካለ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት መስሎት ምሳውን በልቶ የሚመጣ አይጠፋም።