የጋራ ዝማሬ አመራር ልዩ ልዩ ችሎታ ላላቸው ቡድኖች

የጋራ ዝማሬ ሲባል እዚህ ላይ ተመልካች የሌለበት፣ በቦታው የተገኘ ሁሉ የሚዘምርበት መርሐ ግብር ነው። ለመድረክ ተለማምዶ የሚቀርብ ሥራ ስላልሆነ ከኅብረ ዝማሬ ቡድን ይለያል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ የመርሳት ችግር (ዲሜንሺያ)፣ በስትሮክ የመጣ የንግግር መታወክ፣ የመስማት፣ የማየት ወይም የእንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች አብረው ሲቀመጡ መምራቱ ራሱን የቻለ ሙያ ይሆናል። መሪው ያማረ ድምፅ ቢኖረው መልካም ነው፤ ዋናው ሥራው ግን በአንዱ ዘፈን ውስጥ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የሚችለውን ድርሻ ማስቀመጥ ነው።

ታሪክ

ሕዝብ በጋራ የመዘመሩ ልማድ ጥንታዊ ነው። መሪነቱ እንደ ሥራ ጎልቶ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ እ.ኤ.አ. 1917 እና 1918 ሲሆን በአሜሪካ ጦር ማሠልጠኛ ሰፈሮች የዘፈን መሪዎች ይመደቡ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ የአኒሜሽን ሠሪው ማክስ ፍላይሸር በሲኒማ ሸራ ላይ ከቃል ወደ ቃል የምትነጥር ኳስ አሳየ፤ ግጥሙን በቃሉ የማያውቅ ሰው መቼ እንደሚገባ በዓይኑ መከተል ቻለ። ሚች ሚለርም ከ1961 እስከ 1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስንኞቹን ከስክሪኑ ግርጌ እያስነበበ ቤተሰቦችን በየቤታቸው አዘመረ።

ከችሎታ ልዩነት ጋር ለተያያዘው አመራር ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1959 ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ፍላጎት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ በእንግሊዝ፣ ሰንፊልድ በተባለ የሕፃናት መኖሪያ አብረው መሥራት ጀመሩ። ኖርዶፍ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ የልጁን ጩኸት፣ መወዛወዝ ወይም ከበሮ መምታት እየሰማ ለዚያው የሚመጥን ሙዚቃ ወዲያው ይፈጥር ነበር፤ ሮቢንስ ደግሞ ከልጁ ጎን ሆኖ እንዲሳተፍ ያግዘዋል። ልጁ ሙዚቃውን እንዲከተል ከመጠበቅ ይልቅ ሙዚቃው ልጁን እንዲከተል ማድረጋቸው ዛሬም የዚህ ሥራ መሠረት ነው። ለልጆቹ ያዘጋጇቸው የሰላምታና የስንብት ዘፈኖችም በብዙ አገሮች ለሚሠራበት የአከፋፈትና የአዘጋግ ሥርዓት አርአያ ሆነዋል። ኖርዶፍ በ1977 ቢያርፍም ሮቢንስ እስከ 2011 ሕልፈቱ ድረስ ዘዴውን አስተምሯል።

በ1970ዎቹ ንግግርን ከእጅ ምልክት ጋር የሚያጣምረው ማካቶን በእንግሊዝ ተዘጋጀ፤ በዝማሬ ጊዜም በሰፊው ይሠራበታል። በቬኔዙዌላ በ1990ዎቹ የተጀመረው የነጭ እጆች ኅብረ ዝማሬ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ልጆች ዜማውን በእጃቸው እንዲገልጹት አድርጓል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 ሲጸድቅ በባህላዊ ሕይወት መሳተፍን በአንቀጽ 30 መብት አድርጎ አስቀምጦታል።

ዝግጅት

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ዘፈኑ ከፍ ብሎ ስለሚነሳ ነው። ለጎልማሶች ድብልቅ ቡድን ከመካከለኛው ዶ (በፒያኖ መሐል ካለው) በታች ካለው ላ እስከ ቀጣዩ ላ ያለው አንድ ኦክታቭ ይመቻል፤ ወንዶች ያንኑ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ይይዙታል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ሬ እስከ ላ ባለው ክልል ይቀላቸዋል። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ድምፅ እየወረደ ስለሚሄድ በኖታ መጽሐፍ ላይ የታተመውን በአንድ ወይም በሁለት ሙሉ ቶን (አንዱ ከዶ እስከ ሬ ያለው ርቀት ነው) ማውረድ ያስፈልጋል። ሰዎች ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ካሉ ወይም አገጫቸውን ሽቅብ ካነሱ ግጥሙ ጠፍቷቸው ላይሆን ይችላልና መጀመሪያ መነሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሞከር ይገባል።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ምት ቢሆን ለብዙ ቡድኖች ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ማዝገምም ይጎዳል፤ ሳንባው የደከመ ሰው ረጅሙን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያቅተዋል። መፍትሔው ስንኙን ለሁለት ከፍሎ መሐል ላይ ለሁሉም የሚታይ የመተንፈሻ ምልክት ማሳየት ነው። የተቀዳ ማጀቢያ አይመከርም፤ ጊታር፣ ፒያኖ ወይም ባዶ ድምፅ የዘገየውን ሰው ይጠብቃል፣ ቅጂው ግን ጥሎት ይሄዳል።

የግጥም ወረቀቱ በ24 ነጥብ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ደማቅ ፊደል፣ በማያብለጨልጭ ወረቀት፣ አንድ ዘፈን በአንድ ገጽ ይታተማል። አንገቱን ወደ ጭኑ የደፋ ሰው ድምፁ ይታፈናል፣ መሪውንም አያይም፤ ስለዚህ በዓይን ትክክል የተሰቀለ ስክሪን ይመረጣል። በስክሪኑ 4 ስንኝ ብቻ ይታያል፤ ቀጣዩ ገጽ የሚመጣውም የመጨረሻው ስንኝ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው።

አቀማመጡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይይዛል። የተሽከርካሪ ወንበር ቦታ እዚያው ረድፉ ውስጥ አስቀድሞ ይለቀቃል፤ ከኋላ ማሰለፍ ሰውን ከዝማሬው ማውጣት ነው። መሪው መስኮት ከጀርባው እንዳይሆን ይጠነቀቃል፤ ብርሃኑ ፊቱን ካጠቆረው ከንፈር የሚያነቡ ሰዎች ምንም አያገኙም። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ለመሪው ቀርበው፣ ከከበሮው ርቀው ይቀመጣሉ።

አመራር

ለጎልማሶች 45 ደቂቃና ከ8 እስከ 10 ዘፈን፣ ለትንንሽ ልጆች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። መክፈቻውና መዝጊያው በየሳምንቱ ያው ዘፈን ነው። መሐል ላይ አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን ከሁሉ ይልቃል፤ ግጥሙን የሚችል ያወጣል፣ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል፣ መናገር የማይችለው ምቱን ይይዛል።

ቃል የሚቸግራቸውን ሰዎች ለማስገባት የሚረዳው ዋናው ዘዴ የስንኙን መጨረሻ መተው ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ቃል ይዘምርና አፉን ለቃሉ እንዳዘጋጀ ይቆማል፤ መሣሪያውም ኮርዱን (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) ይዞ ይጠብቃል። 5፣ አንዳንዴም 10 ሰከንድ ያልፋል። አንዱ ቃሉን ይለዋል፣ ሌላው ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ሌላዋ እጇን ታነሳለች፤ ሁሉም እንደ መልስ ተቆጥሮ ዜማው ይቀጥላል። ይህን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ደግ ረዳት ነው፤ ዝምታው ረዘመ ብሎ ቃሉን ራሱ ይሞላዋል። ረዳቶች ከመርሐ ግብሩ በፊት ይህን ሊነገራቸው ይገባል።

በንግግር ፈንታ ሲጫን የተቀዳውን የሚያሰማ አዝራር የሚጠቀም ሰው ካለ አዝማቹ ይቀዳለታል። የሚቀዳው ድምፅ ከተጠቃሚው ዕድሜና ፆታ ጋር ይቀራረብ፤ መነሻ ድምፁም በዕለቱ ከሚዘመረው ጋር አንድ ይሁን። በሌላ መነሻ ድምፅ የተቀዳ አዝማች ከጊታሩ ጋር ስለሚጋጭ የሰውየው ተራ እንደ ስህተት ይሰማል። አዝራሩ ደህና በሚንቀሳቀሰው እጅ በኩል በማያንሸራትት ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ መሪው ከተራው 2 ምት አስቀድሞ ወደ ሰውየው ዞሮ ይተነፍሳል።

ጸናጽልና ከበሮ ለሁሉም በአንዴ ማደል ዝማሬውን ይውጠዋል። ለ10 ሰው 2 ወይም 3 መሣሪያ ሰጥቶ በየዘፈኑ ማዟዟር ይሻላል። ድምፅ የሚያስጨንቀው ሰው በር አጠገብ ይቀመጥ፣ ሲፈልግ ወጥቶ ይመለስ። የተሳታፊን እጅ ያለ ፈቃዱ ይዞ ማጨብጨብ ተገቢ አይደለም። ለጎልማሶች የሕፃናት ዘፈን ማቅረብም ክብራቸውን ይነካል፤ የዲሜንሺያ ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚመለሱት በወጣትነታቸው ወደተዘመረው ነው።

ስለ ጥቅሙ

ከግራው የአንጎል ክፍል ጉዳት በኋላ መናገር ያቃታቸው ሰዎች የሚያውቁትን ዘፈን ከነቃሉ መዘመር እንደሚችሉ በሚገባ የታወቀ ነው፤ በዜማ ንግግርን የሚያሠለጥነው ዘዴም በ1973 ይፋ ሆኗል። ውጤቱ ከዜማው ነው ወይስ ከምቱና ከተለመዱ ቃላት የሚለው ግን ተመራማሪዎችን ያከራክራል። ዝማሬ የመርሳት ሕመምን ያቆማል የሚባለው አልተረጋገጠም። የሰዎችን ስሜት እንደሚያነቃቃና ከሌሎች ጋር እንደሚያቀራርብ ግን ሥራውን የያዙ ሁሉ የሚመሰክሩት ነው።

መሪው ከእያንዳንዱ መርሐ ግብር በኋላ የዘፈኑን ርእስ፣ የተነሳበትን ድምፅ፣ ፍጥነቱንና ማን በየትኛው ስንኝ እንደተሳተፈ ይመዘግባል፤ የቀጣዩ ሳምንት ምርጫ ከዚህ መዝገብ ይነሳል።