በጎንደር የታዳጊዎች የእምነት ነፃነትና የወላጅ ተቃውሞ

ጎንደር ውስጥ አንድ ታዳጊ ወላጆቹ ያልወደዱትን እምነት ሲይዝ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በማዕድ ላይ ነው። ዓርብ ቀን ጓደኛው ቤት የጾም ያልሆነ በልቶ ሲመጣ፣ የአንገቱ ማተብ ሲጠፋ፣ በከተራ ዕለት ታቦቱን አጅቦ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ላለመውረድ ሰበብ ሲያበዛ፣ የፋሲካው ዶሮ ወጥ ቀርቦለት እጁን ሲሰበስብ ቤተሰቡ ይነቃል። ሕጉን ብቻ ማንበብ ስለዚህ አይበቃም፤ ማን ያበላል፣ ማን ያስተምራል፣ ማን ማንን ይቀብራል የሚለውም አብሮ መታየት አለበት።

ከተማዋ ከዚህ ዓይነት የቤት ጠብ ጋር የቆየ ዝምድና አላት። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡን ሊያስከትሉ ሲሞክሩ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ሲለቁ ልጃቸው ፋሲል የአባቱን መንገድ ትቶ ተዋሕዶን አጸና፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጎንደርን ቆረቆረ። ከተማዋን የመሠረታት በአባቱ እምነት ያልሄደ ልጅ መሆኑን ግን ለልጁ የሚያነሣ ወላጅ እምብዛም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ የአዲስ ዓለም የሙስሊም ሰፈርነትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዛሬ ሰው በገበያና በትምህርት ቤት ተቀላቅሎ ይውላል። ሥጋ ቤቱ፣ መቃብሩና ጋብቻው ግን እንደተለያየ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ ወይም የመቀበል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ንዑስ አንቀጽ 3 ይህን በኃይል ወይም በሌላ ማስገደጃ መከልከልን ያግዳል። ወዲያው የሚከተለው ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት ይሰጣቸዋል። ሁለቱ የሚጋጩት የልጁ ልብ ወደ ሌላ ሲሄድ ነው። ማስታረቂያው የሚገኘው ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ባጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 14 ላይ ነው፦ የወላጅ መሪነት የልጁን እያደገ የሚሄድ የመረዳት ችሎታ የተከተለ መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሠራው ትእዛዝ ለአሥራ ሰባት ዓመቱ እንዳለ አይሠራም። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ሃይማኖት ለመምረጥ የተለየ ዕድሜ አላስቀመጠም፤ ያለው አጠቃላዩ የአካለ መጠን ዕድሜ፣ 18 ዓመት ነው። ጎንደር ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ የአማራ ክልሉ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ስለሆነ ጉዳይ የሚከታተል ሰው የፌዴራሉን ብቻ ይዞ ባይቀርብ ይሻላል።

በተግባር ሲታይ ወላጅ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይዞ መሄድ፣ ማታ የሚወጣበትን ሰዓት መወሰን፣ የት እንደሚኖር መወሰን ይችላል። ማመን አለማመኑን ግን ሊያዝበት አይችልም። ዱላው ሲበዛ፣ ምግብ ሲከለከል ወይም ልጁ ሲታሰር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ይመጣል፤ ሕጉ ልጅን በአግባቡ ለመቅጣት የሚወሰድ እርምጃን ከወንጀል ያወጣል፣ በደልንና ድብደባን ግን ያስቀጣል። ደካማ ጎኑም ይኸው ነው። “አግባብ” የሚለውን መጀመሪያ የሚለካው የቀበሌው ሰው ወይም የጣቢያው ፖሊስ ነው፤ እሱም አባት ነው።

የጠቡ ዓይነቶች

በብዛት የሚወራው ከኦርቶዶክስ ቤት ጴንጤ የሆነ ልጅ ነው። ወላጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ያሳሳተውን ሰው ነው፤ ጓደኛ፣ ፍቅረኛ ወይም ገንዘብ ይጠረጠራል። ዛሬ ግን ብዙው ነገር የሚጀምረው በስልክ፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ስብከት ነው፤ ስልኩ የሚነጠቀውም ለዚህ ነው። ከዚያ ልጁ ጠበል ይወሰዳል። ጠበሉን በፈቃዱ የሄደበትና ተይዞ የተወሰደበት ልዩነት ሰፊ ነው፤ ለሳምንታት ከትምህርት አስቀርቶ ማስጠመቅ የአንዱን ዓመት ውጤት ያበላሻል፣ ልጁንም ያስኮበልላል።

ከክርስቲያን ቤት የሰለመ ልጅ ችግሩ ሥጋ ላይ ይበረታል። በክርስቲያን እጅ የታረደውን አይበላም፤ ጠላም አይቀምስም። እናት ይህን የምታየው እንደ ንቀት፣ ከዚያም አልፎ እሷን ራሷን እንደ መጸየፍ ነው። ጥቂት ቤቶች መላ ያገኙለታል፦ ለልጁ በበዓል ቀን ሽሮና እንቁላል በተለየ ድስት ይሠራለታል፣ ወይም ዶሮው አዲስ ዓለም ያለ ጎረቤት ዘንድ ታርዶ ይመጣል። ከሙስሊም ቤት ወደ ክርስትና የሄደም ተመሳሳይ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ በረመዳን ቀን ላይ ምሳ መብላቱ ብቻውን አዋጅ ነው።

ብዙም የማይነገረው ሌላው ዓይነት ልጁ ከወላጁ በላይ ሃይማኖተኛ የሚሆንበት ነው። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት፤ በዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የዜማና የዝማሜ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ ናት። አሥረኛ ክፍልን ትቶ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ የኔታ ዘንድ ልግባ የሚል ልጅ አባቱን ከጴንጤው ባላነሰ ያስጨንቃል። ሂጃብ አላወልቅም ወይም መድረሳ ይበቃኛል የምትል ልጅም እንዲሁ። እዚህ ላይ ቤተሰቡ የሚከራከረው ስለ ትምህርትና ስለ እንጀራ ስለሆነ ሽምግልናው ይቀላል፤ ቀን ትምህርት ቤት፣ ማታና ክረምት ጉባኤ ቤት የሚል ስምምነት ብዙ ጊዜ ይይዛል።

እዚያው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኖ “ተሐድሶ”፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያኗን በፕሮቴስታንት መንገድ ሊለውጥ የሚሻ፣ ተብሎ የሚጠረጠርም አለ፤ እሱ ማተቡን አስሮ፣ ጾሙን ጾሞ፣ በሚሰማው መዝሙር ይከሰሳል። ከጎንደር ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት በሚጠባበቁት ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ የአንድ ልጅ ሌላ ጸሎት ቤት መታየት የቤተሰቡን ሁሉ ጉዳይ ያሰጋል ተብሎ ይፈራል። ምንም አላምንም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል አይታወቅም።

ሽምግልናና ቢሮ

ወላጅ የሚፈራው በሰው ዘንድ መዋረድን ብቻ አይደለም። ፍትሐቴን ማን ያስፈታል፣ አርባዬን ማን ያወጣል፣ ተዝካሬን ማን ይደግሳል የሚል እውነተኛ ስጋት አለ። የሚሳካ ሽምግልና ይህን ቀድሞ ይነካል፦ ልጁ እምነቱን ሳይክድ፣ ወላጁ ሲሞት እንደ ልጅ ቆሞ እንደሚቀብርና የተዝካሩን ወጪ እንደሚሸፍን ቃል ይገባል። በተቃራኒው ልጁን ከንስሐ አባትና ከሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ፊት አቅርቦ በጥቅስ ማስረታት ሁለቱንም ወገን ያከርራል፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሰው ፊት ተረትቶ አይመለስም። ክርስትና እናት ወይም አያት ብቻዋን ብታናግረው ይበልጥ ይሰማል።

ሽምግልናው ካልያዘ መሄጃው የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ የክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ድብደባ ካለም ፖሊስ ነው። “ሃይማኖቴን ከለከሉኝ” የሚል አቤቱታ ወዲያው “ከወላጅህ ታረቅ” ተብሎ ይመለሳል። “ከዚህ ቀን ጀምሮ ትምህርት አቁሜያለሁ፣ ይህ ቁስል አለኝ” የሚለው ግን ይመዘገባል። ቁስል ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄዶ የሕክምና ማስረጃ ማውጣት ይገባል፤ ሳምንት ካለፈ ማስረጃው ይደበዝዛል። ልጅቷን ለማረም ተብሎ የሚቸኮል ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ 13ና ከዚያ በላይ ሲሆን እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በታች ሲሆን እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጥሎሹ ከመድረሱ በፊት ለትምህርት ቤት መናገር ከሁሉ ፈጣኑ መንገድ ነው።

ልጁን ወደ አዲሱ እምነት የሚቀበለው ወገን ስሕተት ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሳል። ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ወላጅ ሳያውቅ ማጥመቅ ወይም ሸሃዳ ማስያዝ፣ ከዚያም ቤት ወስዶ ማስቀመጥ፣ ደግ ሥራ ቢመስልም ልጅን ከአሳዳጊው በመውሰድ ያስጠይቃል፤ የአንድ ቤት ጠብ የሁለት ሰፈር ጠብ የሚሆነውም በዚህ በር ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በከተማዋ በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ከጠፋ ወዲህ ይህን ማቃለል አይቻልም። ጠንቃቃ አገልጋዮች ልጁን ያስተምራሉ፣ ሥርዓቱን ግን 18 ዓመት እስኪሞላው ያቆዩታል። ከቤት የተባረረን ልጅ ማሳደር ግድ ከሆነም ዘመድ ዘንድ ማድረግና በማግስቱ ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መሸሸጊያ አይሆንም፤ ሕገ መንግሥቱ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ስለሚል በግቢው ውስጥ የጸሎት ቡድን ማቋቋም አይፈቀድም። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ምደባን ይጠብቃሉ፤ ሌላ ከተማ የደረሰው ወጣት የሚያዝበት የለም፣ ገንዘቡ ግን ከቤት ይላካል።

ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ተዋሕዶ የሚመለስ ካለ ዳግም ጥምቀት አይሰጠውም፤ ንስሐ ገብቶ ካህኑ መጽሐፈ ቄደር የተባለውን የመንጻት ጸሎት ይደግምለታል። “ከልጅነት ፍቄሃለሁ” የሚለው የአባት ዛቻ ደግሞ በአፍ ብቻ አይጸናም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ልጅን ከውርስ መንቀል በኑዛዜ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም መገለጽ አለበት፣ ምክንያቱ በቂ መሆኑንም ፍርድ ቤት ያያል። በሸሪዓ ግን ሙስሊም ያልሆነ ሙስሊም ወላጁን አይወርስም፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ በመሆኑ፣ እምነቱን የቀየረው ልጅ በዚያ ችሎት ለመዳኘት ፈቃዱን ካልሰጠ ክርክሩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።