የ1986ቱ የኤንቢኤ ድራፍት ተመራጮች

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ማኅበር ኤንቢኤ አዳዲስ ተጫዋቾችን ለቡድኖቹ የሚያከፋፍልበት ዓመታዊ ምርጫ ድራፍት ይባላል። የ1986ቱ ድራፍት የተካሄደው ጁን 17 ቀን በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በሚገኘው የፌልት ፎረም አዳራሽ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ዓመት ተመራጮች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ቦስተን በሁለተኛ ተራ ከመረጠው ከሌን ባያስ ሞት ተነሥቶ ነው። አተራረኩ ስሕተት ባይኖርበትም ጎደሎ ነው። ከእነዚህ ተጫዋቾች መካከል ስማቸው በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ የሰፈረው ሦስቱ፣ አርቪዳስ ሳቦኒስ፣ ዴኒስ ሮድማንና ድራዠን ፔትሮቪች፣ የተመረጡት በ24ኛ፣ በ27ኛና በ60ኛ ተራ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 23 ተመራጮች ደግሞ በዓመታዊው የኮከቦች ጨዋታ ለመሰለፍ የበቃው አንድ ብቻ ነው። መልማዮች ተስፋ የጣሉባቸውና በኋላ ፍሬ ያፈሩት ሰዎች ይህን ያህል የተለያዩበት ዓመት ማግኘት ያስቸግራል።

ምርጫው በሰባት ዙር የሚካሄድ ሲሆን፣ ወደ ጥሎ ማለፉ ያልገቡት ሰባት ቡድኖች ቅደም ተከተል የሚወሰነው ከአንድ ዓመት በፊት በተጀመረው የዕጣ ሥርዓት ነበር። ይሁን እንጂ ቡድኖች ገና ያልደረሰ የምርጫ ተራቸውን ከዓመታት በፊት አሳልፈው መስጠት ስለሚችሉ፣ የዕጣው ባለቤት ሁልጊዜ ደካማው ቡድን ራሱ አልነበረም። የመጀመሪያው ተራ የደረሰው ለፊላዴልፊያ ሲሆን፣ ቡድኑ ይህን መብት ያገኘው በ1979 የኮቢ ብራያንትን አባት ጆ ብራያንትን ለሳን ዲዬጎ ክሊፐርስ በሰጠበት ልውውጥ ነው። ሁለተኛው ተራ ደግሞ በዚያው ወር ሻምፒዮን ለሆነው ለቦስተን ሴልቲክስ ደረሰ። የቦስተኑ ኃላፊ ሬድ ኦወርባክ በ1984 ጄራልድ ሄንደርሰንን ለሲያትል አሳልፈው በመስጠት የያዙት ተራ ነበር። በመደበኛው ውድድር 67 ጨዋታ አሸንፎ 15 ብቻ የተሸነፈ ቡድን ከአገሪቱ ሁለተኛውን ምርጥ ወጣት መውሰዱ የሌሎቹን ቡድኖች ደጋፊዎች ቢያስቆጣ የሚገርም አይደለም።

ፊላዴልፊያ የመጀመሪያውን ተራ በሮይ ሂንሰንና በገንዘብ ለውጦ ለክሊቭላንድ ሰጠ። ክሊቭላንድም የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲውን ሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ብራድ ዶርቲን መረጠ፤ በ8ኛው ተራ ሮን ሃርፐርን ጨመረ፤ በ25ኛው ተራ በዳላስ የተመረጠውን ማርክ ፕራይስንም በልውውጥ አመጣ። በአንድ ድራፍት የአንድ ቡድን አከርካሪ ሲገነባ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ዶርቲ አምስት ጊዜ፣ ፕራይስ አራት ጊዜ በኮከቦች ጨዋታ ተሰለፉ፤ ፕራይስ በተለይ ከቅጣት ምት መስመር ከወረወራቸው ኳሶች 90 ከመቶውን በማስቆጠር ይታወሳል። ቡድኑ በ1988–89 የውድድር ዘመን 57 ጨዋታዎችን ቢያሸንፍም በማይክል ጆርዳን የመጨረሻ ሰከንድ ቅርጫት ከውድድሩ ወጣ። የዶርቲን የጨዋታ ዘመን የቋጨው የጀርባ ጉዳት ሲሆን፣ በ1994 ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት 28 ዓመቱ ነበር።

ሌን ባያስ ያደገው ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድ ግዛት ላንዶቨር በተባለ ሠፈር ነው። የተማረውና የተጫወተውም እዚያው ቅርብ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ምን ዓይነት ተጫዋች እንደነበረ ለመረዳት በፌብሩዋሪ 1986 ቡድኑ በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ኖርዝ ካሮላይናን፣ ያውም በገዛ ሜዳው፣ ያሸነፈበትን ጨዋታ መመልከት ይበቃል። በዚያ ምሽት ባያስ 35 ነጥብ አስቆጠረ። በተለይ አንድ ቅጽበት ከብዙዎች ልብ አልጠፋም፦ ከርቀት ዘሎ አንድ ኳስ አስቆጠረ፤ ተጋጣሚው ከመስመር ውጭ ጨዋታውን ሊያስጀምር ኳሱን ሲወረውር በመካከል ገብቶ ነጠቀ፤ ከዚያም ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ በሁለት እጁ ከላይ ደፈቀው። ከተሸናፊዎቹ አንዱ ብራድ ዶርቲ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ሁለቱ ወጣቶች በድራፍቱ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ተጠሩ።

ባያስ ከምርጫው ማግስት ከአባቱ ጋር ቦስተን ደርሶ ሌሊቱን ወደ ዩኒቨርሲቲው መኖሪያ ተመለሰ። ጁን 19 ቀን ማለዳ ኮኬይን ከወሰደ በኋላ ልቡ ተዛብቶ ራሱን ሳተ፤ ሆስፒታል ቢደርስም ሊተርፍ አልቻለም። ዕድሜው 22 ነበር፤ በኤንቢኤ አንድም ጨዋታ አላደረገም። ሴልቲክስ በቀጣዩ ዓመት የፍጻሜውን ውድድር ተሸንፎ፣ እስከ 2008 ድረስ ዋንጫ ሳያነሣ ቆየ።

የዚህ ሞት ውጤት ከስፖርት ሜዳ አልፎ ሄደ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል የተመረጡት ከቦስተን አካባቢ ስለነበር የሕዝቡን ድንጋጤ በቅርብ አይተውታል። ኮንግረሱ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንም በኦክቶበር 27 ቀን 1986 ፈረሙበት። ሕጉ አምስት ግራም ክራክ (የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት) ይዞ ለማከፋፈል የተገኘን ሰው 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን ከያዘ ሰው ጋር እኩል፣ ቢያንስ በአምስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ አዘዘ። ባያስ የወሰደው ክራክ ነው የሚለው ወሬ በወቅቱ በስፋት ቢናፈስም እሱን የገደለው የዱቄት ኮኬይን ነበር። በጥድፊያ የወጣው ይህ ሕግ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያንን ወደ እስር ቤት ላከ፤ የባያስ እኩዮች የነበሩ ወጣቶች በስሙ በተቀሰቀሰ ቁጣ ረጅም ዘመን ታሰሩ። ልዩነቱ ከመቶ ለአንድ ወደ 18 ለአንድ ዝቅ ያለው በ2010 ነው።

የድራፍቱ መከራ በባያስ አላበቃም። በሦስተኛ ተራ በጎልደን ስቴት የተመረጠው ክሪስ ዋሽበርን በሁለት ዓመት ውስጥ 72 ጨዋታዎችን ብቻ ካደረገ በኋላ፣ በተደጋጋሚ የዕፅ ምርመራ በመውደቁ በ1989 ከሊጉ ታገደ። በስድስተኛ ተራ ወደ ፊኒክስ የሄደው ዊልያም ቤድፎርድም በዚሁ ችግር የ1988–89ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አጣ። ከሁሉም የሚያስቆጨው ግን የዳላሱ ሮይ ታርፕሊ ነው፤ ምክንያቱም ችሎታውን አሳይቷል። በ1988 ከተቀያሪ ወንበር ተነሥተው ከሚገቡ ተጫዋቾች ምርጡ ተብሎ ተሸለመ፤ በ1991 ታገደ፤ በ1994 ተመልሶ ገባ፤ በ1995 መጨረሻ ዳግም ታገደ። ኤንቢኤ በ1983 ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር የተስማማበት ደንብ ራሱን ያጋለጠ ተጫዋች ሕክምና እንዲያገኝ ይፈቅድ ነበር፤ ነገር ግን ከተማሪ ቤት ወጥቶ በአንድ ሌሊት ባለ ብዙ ገንዘብ የሆነን የሃያ ዓመት ወጣት አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሥርዓት አልነበረም። ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ላይ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም። መልማዮቹ ቁመታቸውንና የዝላያቸውን ከፍታ ለክተዋል፤ ስለ ኑሯቸው የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከታች የተመረጡት መንገድ ሌላ ነው። ዴኒስ ሮድማን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በድንገት ቁመት ጨመረ። በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ሌሊት በጽዳት ሠራተኛነት ሠርቶ፣ በኦክላሆማ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ከተጫወተ በኋላ በ25 ዓመቱ በዲትሮይት ተመረጠ። ያው ቡድን በዚያው ቀን በ11ኛ ተራ ጆን ሳሊን መርጦ ነበር፤ ሁለቱም በ1989 እና በ1990 የተነሡትን ዋንጫዎች ተካፍለዋል። ሮድማን በጠቅላላው አምስት ዋንጫ አነሣ፤ ከ1992 እስከ 1998 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት በሪባውንድ፣ ማለትም ስተው የተመለሱ ኳሶችን በመያዝ፣ ሊጉን መራ፤ ሁለት ጊዜም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ጄፍ ሆርናሴክ ደግሞ አይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የስፖርት ነጻ ትምህርት ዕድል እንኳ አልነበረውም። በ46ኛ ተራ ፊኒክስ ወሰደው፤ 14 ዓመት ተጫወተ።

ፖርትላንድ ያደረገው ምርጫ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። በኤፕሪል 1986 በቡዳፔስት በተደረገው የአውሮፓ ክለቦች ፍጻሜ የፔትሮቪች ቡድን ሲቦና ዛግሬብ የሳቦኒስን ዛልጊሪስ 94 ለ 82 ሲያሸንፍ፣ ሳቦኒስ ተጋጣሚውን በመምታቱ ከሜዳ ተባርሯል። ከሁለት ወር በኋላ ፖርትላንድ ሁለቱንም መረጣቸው። በወቅቱ ሶቪየት ኅብረት ተጫዋቿን ትለቃለች ብሎ የሚያምን ጥቂት ሰው ነበር፤ በእርግጥም አለቀቀችም። በሴኡል ኦሊምፒክ 1988 ሳቦኒስ ወርቅ፣ ፔትሮቪች ብር አገኙ። ፔትሮቪች በ1989 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፖርትላንድ በቂ የመጫወቻ ጊዜ ስላጣ ወደ ኒው ጀርሲ ሄደ። እዚያም በ1992–93 በአማካይ 22.3 ነጥብ እያስቆጠረ አውሮፓዊ ጋርድ (ከቅርጫቱ ርቆ ኳስ የሚያንቀሳቅስ ተጫዋች) የኤንቢኤን ጨዋታ መምራት እንደሚችል አረጋገጠ። በጁን 1993 በጀርመን አውራ ጎዳና በመኪና አደጋ ሞተ። 2.21 ሜትር የሚረዝመው ሳቦኒስ ደግሞ ፖርትላንድ የደረሰው በ1995፣ የተረከዝ ጅማቱ ደጋግሞ ከተጎዳ በኋላ ነው። መሮጥ ቢከብደውም፣ ከቅርጫቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ በተከላካዮች መካከል ለሚሾልክ ጓደኛው ኳስ ሲያቀብል ያየ ሰው በወጣትነቱ ቢመጣ ኖሮ ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ከቀሩት መካከል ቻክ ፐርሰን በኢንዲያና የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፤ ስኮት ስካይልስ በዲሴምበር 30 ቀን 1990 በአንድ ጨዋታ ጓደኞቹ ያስቆጠሯቸውን 30 ኳሶች አቀብሎ ክብረ ወሰን ያዘ፤ ኔት ማክሚላን፣ ስካይልስና ሆርናሴክ በኋላ የኤንቢኤ አሰልጣኞች ሆኑ። በ15ኛ ተራ በዩታ የተመረጠው ዴል ከሪ 16 ዓመት ተጫውቷል፤ ልጆቹ ስቴፈንና ሴት ሁለቱም ኤንቢኤ ገብተዋል። የሳቦኒስ ልጅ ዶማንታስም በ2016ቱ ድራፍት ከአባቱ በላቀ ተራ፣ በ11ኛ፣ ተመርጧል።